ሞተሩ ሲቀየር ፍሬኑን ማን ይጠይቅ?

በአውሮፓ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት ያረጀ የጉዞ መኪና ሞተሩ ሲደክም ባለቤቱ ሌላ ዓይነት ሞተር ፈልጎ የሚገጥምለት በአብዛኛው ለትርፍ ጊዜ ደስታው ነው። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መስመር ግን የሞተር ለውጥ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአሮጌ ላንድ ሮቨር ባለቤት የቤንዚን ሞተሩ ሲያልቅበት ለዚያው መኪና የተሠራ አዲስ ሞተር አያገኝም፤ ቢያገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሻንሲው ጤነኛ ነው፤ በቆሎውና በርበሬው ደግሞ የገበያ ቀን ሳያልፍ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከሌላ ተሽከርካሪ የወጣ የናፍጣ ሞተር፣ ብዙ ጊዜም የቶዮታ፣ ይፈለጋል፤ ማቀፊያው ይበየዳል፤ መኪናው እንደገና መንገድ ይጀምራል።

ይህን ሥራ “ጥገና እንጂ ምሕንድስና አይደለም” ብለው የሚያልፉት የሙያ ባልደረቦች አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ጋራዡም፣ መርማሪውም፣ እኛ ተመራማሪዎችም ስለ ሞተር ለውጥ ስንነጋገር ቀድመን የምናነሣው ጉልበትንና የነዳጅ ፍጆታን ነው። ሰው የሚሞተው ግን መኪናው ዳገት መውጣት ሲያቅተው ሳይሆን ቁልቁለት ላይ መቆም ሲያቅተው ነው።

ነገሩን ከአንድ ትንሽ ጎማ ቱቦ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር አየር የሚስበው በሚከፈትና በሚዘጋ ክዳን በኩል ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ሲያነሣ ክዳኑ ይዘጋል፤ በመሳቢያው ውስጥም የአየር ግፊቱ በእጅጉ ይወርዳል። ሰርቮ ያለው ፍሬን የሹፌሩን እግር የሚያግዘው ይህን ዝቅተኛ ግፊት በቱቦ ተቀብሎ ነው። አብዛኞቹ የናፍጣ ሞተሮች እንዲህ ያለ ክዳን የላቸውም፤ አየሩን ያለገደብ ይስባሉ፤ ፍጥነታቸውን የሚወስነው የሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ወጥቶ የናፍጣ ሲገባ የሰርቮው ምንጭ አብሮ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የቫኩም ፓምፕ ይጨምራሉ፤ በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ፓምፑ የሚገኘው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ሞተር ሲገዛ “ዲናሞው ከነፓምፑ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ያልጠየቀው ደግሞ ርካሽ ዲናሞ ገጥሞ መኪናውን ያስረክባል። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ መብራቱ ይበራል፤ በሜዳ ላይ ፍሬኑ ትንሽ ጠንከር ያለ ቢመስልም ለመኪናው እርጅና ተብሎ ይታለፋል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ያ የተዘጋ ክዳን የቤንዚን ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገው ነበር፤ በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። ክዳን የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ረገድ ደካማ ነው፤ ትላልቅ የጭነት መኪናዎች ጭስ ማውጫውን ዘግቶ የሚይዝ ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠምላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንድ መኪና በአንድ ቀን የጋራዥ ሥራ ሁለት አጋዦችን ሊያጣ ይችላል፤ በዚያው ላይ አዲሱ ሞተር ከቀድሞው የከበደ ከሆነ የፊት እግሮቹ ጭነት ይጨምራል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኃይል ይለቃል። ይህም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የሚያግለው ሙቀት ማለት ነው። ሞተሩ ድርሻውን ካልወሰደ ሙቀቱ የሚያርፈው በፍሬን ከበሮዎቹ ላይ ነው፤ ከበሮ ደግሞ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል።

ካምቢዮውም ቢሆን የራሱ አቤቱታ አለው። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፦ የጋራዥ ቋንቋችን አሁንም ከጣልያንኛ የወረሰውን ይናገራል፤ የመማሪያ መጻሕፍታችን ግን እነዚህን ቃላት አያውቋቸውም፤ ከመካኒኩ ጋር ለምን እንደማንግባባ ከዚህም ይገመታል።) የላንድ ሮቨሩ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉ 168 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ዋን ኤችዜድ የሚባለው 4.2 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር 285 ገደማ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ሞተር ከቀድሞው ካምቢዮ ጋር ማጣመር በአንድ ሰው ልክ የተሠራን ቀንበር በሁለት በሬ እንደማስጎተት ነው፤ ጥርሶቹ የሚረግፉበትን ቀን ብቻ ነው የማናውቀው።

እርግጥ ነው፣ የጉልበት ፍላጎቱ ያለምክንያት አልመጣም። ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተርም በፋብሪካ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለቤቱ ትልቅ ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም። ፖምፓውን ከፍቶ ነዳጅ መጨመር ግን አየሩን አይጨምርለትም፤ ጥቁር ጭስ ይጨምርለታል።

“እንግዲያውስ ይከልከል” የሚሉ አሉ። ክልከላ ባለቤቱን ለውጡን እንዲደብቅ እንጂ ሞተሩን እንዲተው አያደርገውም። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ አዲሱ ሞተር ከፍሬኑ ጋር ስለመስማማቱ ግን የሚናገረው የለም። ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ ሞተሩ የተቀየረ መኪና አንድ ጥያቄ ቢጨመርለት ይበቃ ነበር፦ የሰርቮው ምንጭ ምንድን ነው? ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ይረገጣል፤ ከዚያም እግር ፍሬኑ ላይ ሳለ ሞተሩ ይነሣል። መርገጫው ዝቅ ካላለ ሰርቮው አይሠራም። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ጥያቄው ይበልጥ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ይፋ ካደረጉ ወዲህ አሮጌውን ሻንሲ በኤሌክትሪክ ሞተር የማንቀሳቀስ ሐሳብ ቅዠት መሆኑ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ላይም ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ነገር ግን ደጀን ላይ ባትሪውን ሞልቶ የሚወርድ መኪና የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙ እንደገና ወደ ከበሮዎቹ ይዞራል። የሰርቮው ጥያቄም እንዳለ ይመለሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም ቫኩም የለውምና።

በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ባገኝ የምነግረው ይህን ነው፦ ሞተራቸው የተቀየረ ጥቂት መኪናዎችን በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ይዘህ ከደጀን ውረድ፤ የዓባይ ድልድይ ስትደርስ የእያንዳንዱን ከበሮ ሙቀት ለካ፤ ከዚያ ወደ ደምበጫ ተመልሰህ ውጤቱን መጀመሪያ ለመካኒኩ አሳየው።