ጠያቂ ያለው ወታደር፣ ጠያቂ የሌለው ወታደር

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አዲስ አበባ፣ የሩሲያ ኤምባሲ ደጅ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ተሰልፈው ነበር። ዩክሬን ሄደን እንዋጋ ባዮች ናቸው። ሮይተርስ በቦታው ተገኝቶ እንደዘገበው ጥበቃዎቹ ስም ይመዘግቡ፣ የውትድርና ማስረጃም ይጠይቁ ነበር። ኤምባሲው ግን ተዋጊ እንደማይመለምል አስታወቀ። በባሕር ማዶ ያለነው ብዙዎቻችን ነገሩን ወይ በቀልድ ወይ በኀፍረት አለፍነው። እኔ ግን ከቀልዱም ከኀፍረቱም በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ሄዶ ቢሞት ኖሮ፣ አስከሬኑን ማን ይጠይቅለት ነበር?

መልሱን ለመፈለግ ከሸዋ ሮቢት መነሣት ይሻላል። ጣርማበርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ ያውቃታል፤ ማሾና ቀይ ሽንኩርት የሚበቅልባት የይፋት ቆላ ናት። መሬቷ ሰው የሚያባርር አይደለም። ነገር ግን በ2013 አካባቢው በግጭት ታመሰ፤ በ2014 ኅዳር ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ በዚያው ወር ተመለሰች፤ በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የደረሰ ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን በዱቤ የገዛው ወጣት ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ለእናንተ መንገር አያሻም፦ የአፋር በረሃ፣ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ነሐሴ ባወጣው ሪፖርት በዚያ ድንበር ላይ በሳዑዲ ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መገደላቸውን ገልጿል። ባዶ እጁን እንዲህ ያለ ሞት ፊት የሚቆም ልጅ፣ ደመወዝ ያለው ጠመንጃ ቢቀርብለት «እንዴት ደፈረ?» ማለት አይገባም። መሣሪያ መያዝ ለትውልዱ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ለብዙው ገበያ ይዞት የሚወጣው ሙያም እሱው ሆኗል።

«ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በሰው አገር መዋጋት አልጀመርንም። ነገር ግን የቃኘው ታሪክ ለእኔ ከጀግንነቱ ይልቅ ከጀርባው ስላለው ነገር ይናገራል። በ1943 በኮሎኔል ከበደ ገብሬ አዛዥነት በጅቡቲ በኩል ወደ ኮሪያ የተጓዘው የክብር ዘበኛ ሻለቃና ተተኪዎቹ ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ከ500 በላይ ቆስሎባቸዋል። የሞቱት ስማቸው ተመዝግቦ፣ አስከሬናቸው ወደ አገር ገብቷል። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም ሲባል የምንሰማው ኩራትም ቢሆን የሚቆጥር መንግሥት ስለነበራቸው የሚነገር ኩራት ነው። ያም ሆኖ ደርግ መጥቶ ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ፣ ዘማቾቹ ለረጅም ጊዜ ተረስተው ኖሩ፤ በኋላ እጁን የዘረጋላቸው የተዋጉለት ሕዝብ ነው። እንግዲህ በአገሩ ባንዲራ የዘመተው እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በደላላ የሄደውን አስቡት።

ዛሬ በሩሲያ ጦር ውስጥ የሚዋጉ አፍሪካውያን ጉዳይ ወሬ ብቻ አይደለም። የዩክሬን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ከ36 የአፍሪካ አገሮች የመጡ ከ1,400 በላይ ሰዎች መለየታቸውን ተናግረዋል። ቁጥሩ የተዋጊ ወገን ቁጥር ነውና በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ግን የራሳቸው ዜጎች እዚያ እንዳሉ በይፋ አምነዋል። አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ የጥበቃ፣ የሹፌር፣ የፋብሪካ ሥራ ተብሎ ይኬዳል፤ በማያነቡት ሩሲያኛ የተጻፈ ውል ይፈረማል፤ ከአጭር ሥልጠና በኋላ ምሽግ ይገባል። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዜጎቿ ወደ ሩሲያም ወደ ዩክሬንም ለሥራ እንዳይሄዱ ከለከለች። ሕንድ በዚያው ዓመት ጉዳዩን በጠቅላይ ሚኒስትሯ በኩል ሞስኮ ላይ አነሣች፤ ከዚያ በኋላ በርካታ ሕንዳውያን ተለቀዋል። የተለቀቁት ከሌላው የተሻሉ ተዋጊዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ጠያቂ ስለነበራቸው ነው።

«አዋቂ ሰው ነው፣ ነፍሱም የራሱ ናት» የሚለው ሙግት ከባድ ነው፤ እኔም በፍላጎቱ ለዓላማ የሚሄድን ሰው ልከለክል አልችልም። ግን ውሉን ሳያነብ የፈረመ ሰው መረጠ ይባላል? ሌላው የሚነሣው የአሜሪካ ጦር ነው፤ ስንት የሀበሻ ልጅ እዚያ እያገለገለ የሩሲያው ለምን ነውር ሆነ? ልዩነቱ በሁለቱ መንግሥታት ፖለቲካ አይደለም። አሜሪካ የሚቀጥረው ዜጋን ወይም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለውን ነው፤ ልጁ የሚፈርመውን ያነባል፣ የሕይወት መድን አለው፣ ክፉ ቢደርስበት ለማን እንደሚነገር በወረቀት ላይ ሰፍሯል። የሩሲያን የቆየ ውለታ የሚያነሣም አለ፤ የአድዋ ዘመን የሩሲያ ቀይ መስቀልና ባልቻ ሆስፒታል ውለታቸው አይካድም፤ ውለታው ግን ዶንባስ ምሽግ ውስጥ በሽንኩርት ገበሬው ልጅ ሕይወት የሚከፈል አይደለም።

ከእኛ የሚፈለገው ብዙም የማያስቸግር ነገር ነው። ይፋት ያለ ዘመድ «ሩሲያ ሥራ ተገኝቶልኛል» ብሎ ሲደውል፣ ለትኬት ከመላክ በፊት ውሉን በፎቶ አስልኮ ሩሲያኛ ለሚያውቅ ሰው ማስነበብ ይቻላል፤ ከየማኅበረሰባችን በሶቪየት ዘመን ሞስኮና ኪየቭ የተማሩ ሽማግሌዎች አይጠፉም። የሄደ ካለ፣ ሙሉ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና መጨረሻ የደወለበትን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለዚህ ጦርነት የጠፉና የተማረኩ ሰዎች ማፈላለጊያ ቢሮ አለው፤ ማመልከቻውን መሙላት የሚችለው ቤተሰብ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለች እናት ያንን ቅጽ ብቻዋን አትሞላውም። ዋሽንግተን ያለ ልጇ ወይም የወንድሟ ልጅ ግን ይሞላላታል።