ትሪቡኑ ለማን ነው?

የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎቻችን የስፖርት ሜዳ ሊያቅዱ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያስቡት ምንን ነው? ትሪቡን! ያውም የክብር እንግዶች የሚቀመጡበት፣ ጣሪያ ያለው ትሪቡን። ኳስ የሚመታው ተማሪ በኋላ ይታሰባል፤ ከታሰበ።

ለድሮዎቹ ግቢዎች ምክንያት እንፈልግላቸው። ስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ያገኘውን ይዞ ነው የጀመረው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመሩት 13 ዩኒቨርሲቲዎችስ? ብዙዎቹ ሰፊ መሬት ተሰጥቷቸው ከመሠረቱ የማቀድ ዕድል ነበራቸው እኮ!

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። (የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ሒሳብ ሲሠራ መሳቅ ይፈቀዳል።) ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያጫውተው 22 ሰው ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ነው፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሜትር ሲተውለት 24 በ15 ይሆናል። በዚያው በእግር ኳሱ ሜዳ ስፋት 16 የመረብ ኳስ ሜዳ ይዘረጋል። 192 ተጫዋች ማለት ነው! እግር ኳስ ይቅር አልወጣኝም፤ ማንስ ይሰማኛል? ግን በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ባለበት ግቢ ያለውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ሜዳና በአንድ ትሪቡን ላይ ማፍሰስ ዕቅድ አይባልም።

ደግሞ እሱም ሲያልቅ ይቆለፋል። ሣሩ እንዳይጎዳ! የሚከፈተው ለውድድርና ለበዓል ነው።

መብራቱስ? ትምህርት 11 ሰዓት ላይ ካለቀ፣ 1 ሰዓት ገደማ ጨልሟል። ፓውዛ የሌለው ሜዳ ለተማሪ የሚጠቅመው ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሴት ተማሪዎችን ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም። ልብስ መቀየሪያ የለም፣ ሻወሩ ውኃ የለውም፣ ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከዚያ «ሴቶቹ ስፖርት አይወዱም» ይባላል። ይኼ ንግግር ያበሳጨኛል።

«አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አላሸነፈም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አሸንፏል። ጫማ ባያደርግም ግን አሠልጣኝ ነበረው፤ ኦኒ ኒስካነን በፕሮግራም ነው ያሠለጠነው። ደግሞስ ስለ ሻምፒዮን ማን አወራ? እኔ የማወራው ከእናቱ ቤት ገና ትናንት ስለወጣው የ18 ዓመት ልጅ ነው። ከክፍል ሲወጣ በግቢው ውስጥ የሚሄድበት ካጣ፣ ከበሩ ማዶ ጫት ቤቱና ፑል ቤቱ እስከ ሌሊት ክፍት ሆነው ይጠብቁታል። እነሱ መብራት አላቸው። በራቸውንም አይቆልፉም። አንድ ሁለት ሴሚስተር እዚያ ካመሸ በኋላ ውጤቱ ሲበላሽ፣ እኛ መምህራን «ሰነፍ» ብለን እናሰናብተዋለን።

ስለዚህ የሚቀጥለው ማስተር ፕላን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ትሪቡኑ ለጊዜው ይቆይ። እንግዶቹ በዓመት አንድ ቀን በፕላስቲክ ወንበር ቢቀመጡ ክብራቸው አይቀንስም። መጀመሪያ የውኃው ቧንቧ ይዘርጋ፣ ሮቶው ይተከል፣ ፓውዛው ይሰቀል። የበሩ ቁልፍም በምክትል ፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በር ላይ ከሚቆመው ጥበቃ እጅ ይሁን።