ስለ «ድፍረት» ፊልም፦ ጠላፊው ብቻውን አልጋለበም

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ጌጥ አይደለም። አንድ ፊልም ያለፈ ዘመንን በደል ሲያነሣ፣ በደሉን አሳየን ወይ ተብሎ ብቻ ሳይሆን የበደሉን ሥር የት ላይ አገኘው ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል። በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የቀረበው «ድፍረት» በዚህ ዓይን መመርመር አለበት። ለእኛ ለአዳማ ነዋሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ታሪኩ የተፈጸመው በአሰላ መንገድ በሚደረስበት በአርሲ ገጠር ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች አፍነው ወሰዷት። ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባት ተደፈረች። ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ «ባልሽ ነኝ» ያላትን ተኩሳ ገደለች። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተሟገቱላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ፊልሙ ብርታት አለው። ርእሱ ጀግንነትንና አስገድዶ መድፈርን በአንድ ቃል ይዟል፤ ይህን ሌላ ቋንቋ በቀላሉ አይሸከመውም። በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት ማግኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሚዛኑ የሚዛባው ከዚህ በኋላ ነው። ከተማው ብርሃን፣ ገጠሩ ጨለማ ሆኖ ይቀርባል፤ መዳንም በአንዲት ጠበቃ ቦርሳ ውስጥ ተይዞ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ታዲያ ከጠላፊው ጋር አብሮ የጋለበው ማን ነው? ፈረሱን ያዋሰ፣ ጎጆውን የለቀቀ፣ ጩኸት ሰምቶ በሩን የዘጋ ማን ነው? ጠለፋ የአንድ ሰው ወንጀል ሆኖ አያውቅም፤ ቡድን፣ ስንቅና እርቅ የሚያወርድ ሽማግሌ ይፈልጋል። በኦሮሚያ ቡቲ ይባላል፤ ነገር ግን ከአገራችን ሕዝቦች አያሌዎቹ ያውቁታልና የአንድ ብሔረሰብ ነውር አድርጎ ማየት ድንቁርና ነው። ከሥሩም ኢኮኖሚ አለ፤ ለጥሎሽ ከብት ማቅረብ ያልቻለ ወጣት ልጅቷን እንደ ንብረት ነጥቆ ይወስዳል፤ ክብሯ ተነካ የተባለባት ቤተሰብም ሌላ ፈላጊ አይመጣም ብሎ ይስማማል።

ከተማውስ ንጹሕ ነበር ወይ? በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ተረቅቆ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ክስ እንዳይመሠረትበት ይፈቅድ ነበር። ይህን በር የከፈተው ባላገሩ አይደለም፤ ብዕርና ማኅተም የያዘው ክፍል ነው። የጣሊያን ሕግም የደፈራትን ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበትን አንቀጽ የሻረው በ1981 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ለሚያስታውስ፣ «ኋላ ቀር ባህል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያስረዳም። የእኛው በር የተዘጋው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ጋብቻ ተከተለም አልተከተለም ጠላፊ ይቀጣል።

ሁለት ነገሮች ይታከሉ። የአርሲ ገበሬ ሸንጎ የሚቀመጠው በኦሮምኛ ሆኖ ሳለ ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ቃል ሲከራከሩ ብንሰማቸው እንዲህ በቀላሉ ለመፍረድ ባልደፈርን ነበር። ሁለተኛው ይከብዳል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ያለ ፈቃዴ ታሪኬ ተወሰደ በሚል አቤት ያለችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች። እግዱ በኋላ ተነሥቷል፤ ጥያቄው ግን አብሮ አልተነሣም። አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ሴት፣ ስለ ነፃነቷ ከሚሠራ ሥራ በፊት ልትጠየቅ ይገባት ነበር።

ከገጠር ጋብቻን ሸሽተው ወደ አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚመጡ ልጃገረዶች በየቤታችን እንጀራ ይጋግራሉ። ከምን እንደሸሹ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ዕድራችን ለሠርግ ድንኳኑንና ወንበሩን ያውሳል፤ ሕጉ 18 ዓመት ሲል፣ ሙሽራይቱ ስንት ዓመቷ ነው ብሎ የጠየቀ የዕድር ጸሐፊ ይኖር ይሆን? ድንኳን ከማውሳት በፊት መጠየቅ ጠበቃም ካሜራም አያሻውም።

ይህ ጸሐፊ ፊልሙን ያየው አዳማ ውስጥ በአንድ ጎረቤት ቤት ነው። ሲያበቃ አንድ አዛውንት፣ «እኔም የልጆቼን እናት በፈረስ ነው ያመጣኋት፤ ምን ጎደለብን?» አሉ። ሳቅን፤ ይህ ጸሐፊም አብሮ ስቋል። ባለቤታቸው ቡና ይቀዱ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩንም። በዚያ ምሽት እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።