ያመለጠውን ክትባት ማካካስ፦ የአጣዬና የይፋት ሕፃናት ጉዳይ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አጣዬ ከተማ በየካቲት 2013 ዓ.ም መጨረሻ የተወለደ አንድ ሕፃን በምሳሌነት ይወሰድ። በአገሪቱ የክትባት መርሐ ግብር መሠረት ሕፃኑ የመጀመሪያውን ዙር የፔንታ፣ የሳንባ ምች፣ የሮታና የፖሊዮ ክትባት መውሰድ የነበረበት በተወለደ በስድስተኛው ሳምንት ነበር። ይህም ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም አካባቢ መሆኑ ነው። አጣዬ በተቃጠለችባቸው፣ ነዋሪዎቿም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌሎች ከተሞች በተሰደዱባቸው ቀናት ማለት ነው። የኩፍኝ ክትባት የሚወስድበት ዘጠነኛ ወሩ የሚሞላው ደግሞ በኅዳር 2014 ዓ.ም መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያ ወር የሰሜኑ ጦርነት አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ዘልቆ ነበር። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በግንቦት 2014 ዓ.ም ይደርሳል። በወቅቱ ተፈናቃዮች ገና ወደ ቀያቸው በመመለስ ላይ ነበሩ። በጥር 2015 ዓ.ም በአካባቢው ዳግም ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ተከተለ።

ይህ ሕፃን አምስት ዓመት የሚሞላው በየካቲት 2018 ዓ.ም ነው። ዕድሜው በዚህ ስፍራ የሚጠቀሰው ያለምክንያት አይደለም። ክትባት ያልጀመሩና ጀምረው ያቋረጡ ሕፃናትን ለማካካስ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተነደፈው መርሐ ግብር የሚያተኩረው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በመሆኑ፣ የ2013 እና የ2014 ዓ.ም ሕፃናት የዕድሜውን ጣሪያ ቀድመው የሚነኩት ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የክትባት ጥምረቱ ጋቪ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ይህን የማካካሻ ንቅናቄ ይፋ ሲያደርጉ ትኩረት ከተሰጣቸው 20 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ግምት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2023 አንድም የፔንታ ክትባት ያላገኙ ሕፃናት ቁጥር ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ይህም አገሪቱን ከናይጄሪያና ከሕንድ ቀጥሎ አስቀምጧታል።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ሲሆን፣ በወቅቱ ይሰጥ የነበረው የቲቢ፣ የዲፍቴሪያ፣ የትክትክ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የፖሊዮና የኩፍኝ መከላከያ ነበር። በ1999 ዓ.ም አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታ፣ በ2004 ዓ.ም የሳንባ ምች፣ በ2006 ዓ.ም የሮታ ተቅማጥ፣ በ2011 ዓ.ም ሁለተኛው የኩፍኝና የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቶች ተጨምረዋል። መሠረታዊ ክትባቶችን ያጠናቀቁ ሕፃናት ድርሻ በ1992 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 14 በመቶ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም ወደ 39 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጡ ቀላል አይደለም፤ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ድርሻም ከፍተኛ ነው። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ክትባቱን ሳያጠናቅቁ እንደሚቀሩ የሚያሳየው ይህ አኃዝ የተመዘገበው ከጦርነቱ በፊት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከጦርነቱ በኋላ የክልሉ ጤና ቢሮ ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በአማራ ክልል 40 ሆስፒታሎች፣ 453 ጤና ጣቢያዎችና 1 ሺህ 850 ጤና ኬላዎች ለጉዳትና ለዝርፊያ ተዳርገዋል። የአንድ ጤና ኬላ መዘረፍ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው መድኃኒቱና አልጋው ነው። ለክትባት ሥራ ግን ከሁሉ የሚከፋው የሁለት ነገሮች መጥፋት ነው፤ አንዱ ማቀዝቀዣው፣ ሌላው መዝገቡ። ማቀዝቀዣ በገንዘብ ይተካል። የትኛው ሕፃን የትኛውን ክትባት እንደወሰደ የሚያሳየው መዝገብና የቤተሰብ ማህደር ግን አንዴ ከተቃጠለ ከየትም አይገዛም። የእናትየው እጅ ላይ የነበረው የክትባት ካርድም ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ካርድ የሌለው የአራት ዓመት ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ቢቀርብ ምን ይደረግለታል? የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምላሽ ግልጽ ነው። በካርድም በመዝገብም ማስረጃ ካልተገኘ ሕፃኑ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይጀመርለታል። ቀደም ሲል የወሰደው ቢደገምለት የሚደርስበት ጉዳት ሳይከተብ ቢቀር ከሚደርስበት አደጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ካርድ ያለው ሆኖ ያቋረጠ ከሆነ ደግሞ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀምርም። በመካከሉ ሦስት ወር ወይም ሦስት ዓመት ቢያልፍ ለውጥ የለውም። መጠበቅ ያለበት በሁለት ተከታታይ ዙሮች መካከል ሊያጥር የማይገባው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ቢያንስ አራት ሳምንት ነው። የተለያዩ ክትባቶች በአንድ ቀን፣ በተለያየ የአካል ክፍል ሊሰጡ ይችላሉ። ቀላል ጉንፋንና መጠነኛ ትኩሳትም ለመመለስ ምክንያት አይሆኑም።

ሁሉም ክትባት ግን እኩል አይጠብቅም። የሮታ ክትባት ከሁለት ዓመት በኋላ አይሰጥም፤ በዚያ ዕድሜ ከፍተኛው የተቅማጥ አደጋ አልፏልና። የኩፍኝ ክትባት በአንጻሩ በዕድሜ ገፋ ብሎም ይሰጣል፤ ሁለቱ ዙሮች በአራት ሳምንት ልዩነት ሊጠናቀቁ ይችላሉ። የፔንታ ክትባት ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ቅልቅል የሆነው ቲዲ ይተካዋል። ስለዚህ በየካቲት 2013 ዓ.ም የተወለደው ሕፃን ዘግይቷል እንጂ አላለፈበትም። የሮታውን ዕድል አጥቷል፤ ሌላውን ገና ማግኘት ይችላል።

መመሪያው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሥራው ለምን ይጓተታል? ምላሹ ያለው ከእናቶች ግንዛቤ ይልቅ በቢሮ አሠራር ላይ ይመስላል። የአንድ ወረዳ የክትባት ዕቅድ የሚነሳው ከአንድ ዓመት በታች ከሚገመቱ ሕፃናት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚሰላው በ1999 ዓ.ም ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተነስቶ በየዓመቱ በሚደረግ ትንበያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። እንደ አጣዬ ሕዝቧ ደጋግሞ ለተፈናቀለና ለተመለሰ ከተማ ትንበያው ምን ያህል ከእውነታው ሊርቅ እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም። ተፈናቃዮች በሚገኙበት ከተማ አፈጻጸሙ ከመቶ በመቶ ሊያልፍ፣ በለቀቁት ቀበሌ ደግሞ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በሁለቱም ቦታ ያለው ሪፖርት ግን የትኛው ሕፃን እንደቀረ አይናገርም።

የአራት ዓመቱ ሕፃን በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። በአንድ ዓመት በታች መዝገብ ላይ ቢሰፍር አፈጻጸሙን ከእውነታው በላይ ያሳብጠዋል። ካልሰፈረም የባለሙያዋ ልፋት በሪፖርት አይታይም፤ ለእርሱ የዋለው ክትባትም ከሌላ ሕፃን ድርሻ የተነሳ ይሆናል። በመሆኑም የማካካሻ ክትባት በዕድሜ ተለይቶ በራሱ ዓምድ መመዝገብ፣ የክትባት ጥያቄውም በዚያው ልክ ተሰልቶ መላክ ይኖርበታል። ይህ የመዝገብ ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ቢችልም፣ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚገኝ አንድ የዕቅድ ባለሙያ ከብዙ የቅስቀሳ ስብሰባ የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው እንቅፋት ብልቃጡ ነው። የኩፍኝና የቲቢ ክትባቶች ለበርካታ ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ተዘጋጅተው የሚመጡ ሲሆን፣ ከመበጥበጫው ጋር ከተቀላቀሉ ከስድስት ሰዓት በኋላ መወገድ አለባቸው። ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ መክፈት ብክነት መስሎ ስለሚታይ ባለሙያዎች ሌሎች ሕፃናት እስኪሰበሰቡ እናትየዋን «ሌላ ቀን ነይ» የሚሉበት ጊዜ አለ። በሰላሙ ጊዜ ይህ ምናልባት የሳምንት መዘግየት ነው። መንገድ በሚዘጋበትና ቤተሰብ በሚፈናቀልበት አካባቢ ግን «ሌላ ቀን» ላይመጣ ይችላል። ብክነት በክትባት አቅርቦት ስሌት ውስጥ አስቀድሞ የተያዘ በመሆኑ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጥ መከፈት እንዳለበት ይመከራል። ባለሙያዋ በብክነት እንደማትጠየቅ ከኃላፊዋ በጽሑፍ ካልተነገራት ግን ምክሩ ምክር ሆኖ ይቀራል።

የይፋት ቆላ ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች መብራት በሚቆራረጥባቸው ጤና ጣቢያዎች ትልቅ እፎይታ ናቸው። ይሁንና ሙቀትን በመፍራት ያልቀለጠ በረዶ በክትባት ሳጥን ውስጥ መጨናነቅም ጉዳት አለው። ፔንታና የሳንባ ምች ክትባት ከበረዱ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ጉዳቱም በዓይን ላይለይ ይችላል።

አዋቂዎችን በተመለከተ በመደበኛነት ሰፊ መርሐ ግብር የተዘረጋው በመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ነው። የቲዲ ክትባት አምስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአራት ሳምንት፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየአንድ ዓመት ልዩነት ይከተላሉ። እዚህም ያቋረጠች ሴት ከቆመችበት ትቀጥላለች። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በ2009 ዓ.ም የተረጋገጠ ቢሆንም፣ በሽታው በአፈር ውስጥ የሚኖር በመሆኑ በቤት ውስጥ የሚወለዱ ሕፃናት በበዙ ቁጥር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያም በ2017 ዓ.ም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ መሆኑ ትምህርት ላቋረጡ ልጃገረዶች መልካም ዜና ነው፤ ለሁለተኛ ዙር የሚፈለጉበት ምክንያት ቀርቷልና።

ያልተከተቡትን የማግኘቱ ሥራ በይፋት የአስተዳደር ወሰን የሚያግደው አይደለም። ኤፍራታና ግድምና ቀወት ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች፣ ከአርጎባና ከአፋር ጋር ይጎራበታሉ። ሕዝቡም በገበያ፣ በግጦሽና በጋብቻ የተሳሰረ ነው። በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የሚገኘው የእሑድ የሰንበቴ ገበያ ከደጋውም ከቆላውም ሰው የሚገናኝበት ነው። የኩፍኝ ቫይረስ በዚህ ገበያ ሲዘዋወር የትኛው ወረዳ ሪፖርት እንደሚያደርገው አይጠይቅም። የአጎራባች ዞኖች ጤና መምሪያዎች ያልተከተቡ ሕፃናትን ዝርዝር በየወሩ ቢለዋወጡና በገበያ ቀን የጋራ ጊዜያዊ የክትባት ጣቢያ ቢያቋቁሙ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። በአገሪቱ የፈንጣጣ ማጥፋት ሥራ በጥር 1963 ዓ.ም ተጀምሮ በነሐሴ 1968 ዓ.ም በባሌዋ ዲሞ መንደር በተገኘው የመጨረሻ ታማሚ የተቋጨው ሠራተኞቹ በሽተኛው እስኪመጣ ባለመጠበቃቸው ነበር። ከመንደር መንደር፣ ከገበያ ገበያ እየዞሩ ይጠይቁ ነበር።

ዘመቻ የሚካሄድባቸው ቀናት ማይክሮፎንና የዘመቻ ቲሸርት አሏቸው፤ ሪፖርታቸውም ያምራል። በየካቲት 2013 ዓ.ም የተወለደውን ሕፃን በስሙ የሚያገኘው ግን በዘመቻው ማግሥት የሚደረገው ማጣራት ነው። ለዚህ አመቺ የሆነ አንድ በር ትምህርት ቤት ነው። በቅድመ አንደኛ ምዝገባ ወቅት ርዕሰ መምህሩ የክትባት ካርድ ቢጠይቅና ካርድ የሌላቸውን ሕፃናት ዝርዝር፣ ማንንም ሳይመልስ፣ ለቀበሌው ጤና ኬላ ቢልክ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ተጨማሪ በጀት አያስፈልጋቸውም። ማጣራቱ እስከ አንደኛ ክፍል ምዝገባ ከቆየ ግን ልጆቹ ሰባት ዓመት ስለሚሞላቸው የፔንታው በር ይዘጋል። የትክትክና የጉበት በሽታ መከላከያውን የያዘው ደግሞ ይኸው ፔንታ ነው።