መስከረም እስኪጠባ

ታላቅ ወንድሜ ሰኔ ማለቂያ ላይ ሐኪም ቤት ሄዶ ተመረመረ። በባዶ ሆዱ የተለካው ስኳር 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ "በሽታው ገና አልገባብዎትም፤ ደጃፍዎ ላይ ግን ቆሟል" አለችው። ክኒን አላዘዘችለትም። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ጣፋጭ ይተዉ፣ እንጀራውንም ቀነስ ያድርጉ ብላ፣ የሦስት ወር ስኳር እንዲመረመር ለመስከረም ማለቂያ ቀጠረችው።

ማታ ቤት መጥቶ ሲያጫውተኝ ልቤ ተረጋጋ። መድኃኒቱ መንገድ ነዋ! "እንግዲያው ከነገ ጠዋት ጀምሮ አብረን እንወጣለን" አልኩት።

"ይቺ ዝናብ ትለፍ እስቲ። መስከረም ሲጠባ በደንብ እጀምረዋለሁ" አለኝ።

እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ወንድሜ ሰነፍ ሰው አይደለም። ሥራውን በሰዓቱ የሚጀምር፣ የተበደረውን በቀኑ የሚመልስ ሰው ነው። "መስከረም ሲጠባ" ያለው በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚል ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የቦርጭና የደም ግፊት ወሬ ከተነሣ መልሱ ይኸው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከቁጥር የማይገቡ ወራት ሆነዋል፤ ጳጉሜማ ጭራሽ የማንም አይደለችም። ሰውነት የሚንቀሳቀሰው አደይ ሲያብብ ብቻ ነው የተባለ ይመስላል። ይህን "አነጋገር ነው፣ ምን ጉዳት አለው?" ብለው ከሚያልፉት ጋር አልስማማም። ሰው እየጎዳ ያለ ልማድ ነው።

ከወንድሜ ቀጠሮ ልነሣ። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ይጣበቃል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው አራት ወር ገደማ ነው። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ የሚያየው እነዚህ ሕዋሳት ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት የተሸከሙትን ነው። እኛ አንቆጥራቸውም ያልናቸውን ቀናት ደማችን ቆጥሮ ይዟቸዋል ማለት ነው። መስከረም 1 ቀን የሚጀምር ሰው መስከረም ማለቂያ ላይ ክንዱን ለመርፌ ሲዘረጋ፣ ከዘጠናው ቀን ስልሳ ያህሉን ተቀምጦ አሳልፎ ነው። አንድ ቀን በፍጥነት መራመድ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድበትን አቅም ያነቃቃል፤ ይህ መነቃቃት ግን አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠፋል። አይጠራቀምም። በነሐሴ የተዘለለውን በመስከረም ደርቦ መክፈል አይቻልም።

ሐኪሟ ያዘዘችው ነገር ቀላል ስለመሰለን ነው የናቅነው። አሜሪካ ውስጥ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። ተሳታፊዎቹ ልክ እንደ ወንድሜ ስኳሩ ደጃፋቸው ላይ የቆመባቸው ሰዎች ናቸው። አመጋገባቸውን አስተካክለው ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። 150 ደቂቃ ማለት ግማሽ ሰዓት በአምስት ቀን ሲባዛ ነው፤ ያቺ ሐኪም ያዘዘችው ይህንኑ ነው። ክኒን ብታዝለት ኖሮ ወንድሜ "መስከረም ሲጠባ እውጠዋለሁ" ይል ነበር? አይልም። በዚያው ማታ ነበር የሚጀምረው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ "በደንብ" የምትለዋ ቃል ናት። "በደንብ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ወንድሜ አዲስ ቱታና ጫማ ገዛ፤ የአዲስ ዓመት ቅናሽ አለ ስለተባለ አንድ ጂም የስድስት ወር በአንዴ ከፈለ። የመጀመሪያው ቀን ትሬድሚሉ ላይ ሮጠ፣ ብረት አነሣ፣ ስኳት ሠራ። በማግሥቱ ከአልጋ ሲነሣ አቃሰተ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃውን የወረደው በሁለት እጁ ብረቱን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እንደ ሕፃን አንድ እግሩን አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ ነው። ጉልበቱ ሲሻለው መስቀል ደረሰ። ከመስቀል በኋላ የሥራ ብዛት መጣ። ካርዱ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ ከድሮ ቁልፎች ጋር ተቀምጧል። የተከፈለው ብር አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ ከዚያ ወዲያ "እኔ ለስፖርት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም" ማለት መጀመሩ ነው።

ይህ በሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር፣ አሜሪካ ውስጥ ባሉ ሦስት ጂሞች የ7,752 አባላትን መዝገብ ተከታትለው በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። ርእሱን "ጂም ላለመሄድ መክፈል" ብሎ መተርጎም ይቻላል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሄዱት በወር 4.3 ጊዜ ነው። ለአንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው ማለት ነው፤ በየጊዜው ቢከፍሉ ግን በ10 ዶላር ይገቡ ነበር። ሰዎቹ ሲመዘገቡ የከፈሉት ወደፊት እንሆናለን ብለው ላሰቡት ሰው ነው። የእኛም አገር የአዲስ ዓመት ጥቅል የሚሸጠው ይህንኑ ተስፋ ነው። ጥሩ አሰልጣኞች አሉ፤ ጀማሪውን ይዘው ቀስ እያደረጉ የሚያስኬዱ፣ የቀረውን ደውለው የሚጠይቁ። እነሱን አልነካም። የስድስት ወር ክፍያ ተቀብሎ ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት ሲጠፋ "የት ገባህ?" የማይለውን አሠራር ግን ነውር ነው እላለሁ።

ለመሆኑ መስከረም ምን ዓይነት ወር ነው? በዋዜማው በግ ተገዝቶ፣ ዶሮ ተገንጥሎ ይታደራል። በሳምንቱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተርና የደብተር ልባስ አለ። በ17 መስቀል ነው፤ ክትፎው፣ ቆጮው፣ ዘመድ ጥየቃው። መንገዱ በተማሪ ይሞላል፤ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ከዓመቱ ሁሉ ኪስም ጊዜም የሚጠብበትን፣ ምግብ የሚበዛበትን ወር መርጠን ነው ሰውነታችንን የቀጠርነው። ነሐሴ ደግሞ ከ1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፤ ለሚጾም ሰው ሆድ ይቀላል። ተማሪ ቤት ስለሚውል ጠዋት መንገዱ ረገብ ይላል።

ልማድ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ይዘው አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን ስንት ቀን እንደሚወስድ ተከታትለው ነበር። መካከለኛው 66 ቀን ነው የመጣው፤ በ18 ቀን የለመደም፣ 254 ቀን የሚያስፈልገውም ነበር። 66 ቀን ከጳጉሜ 5 ወደኋላ ሲቆጠር ሰኔ 30 ላይ ያርፋል። ሰኔ 30! ልጆቻችን ካርድ የሚቀበሉበት ቀን ነው። ያን ቀን በዝናብ ጫማው ወጥቶ አሥር ደቂቃ የተራመደ ሰው በእንቁጣጣሽ ማለዳ "ልጀምር ወይስ ልተው?" ብሎ ከራሱ ጋር አይከራከርም። እግሩ ራሱ ይወጣል። ጥናቱ ሌላም ያሳየው ነገር አለ፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርስም። ይህን ብናውቅ ኖሮ ስንቱ ሰው አንድ ሰኞ ስለቀረ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አይተውም ነበር።

የሚሞግቱኝ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነገር አላቸው። አዲስ ቀን ኃይል ይሰጣል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጂም መሄድ እንደሚያበዙ አሳይተዋል። ያው ጥናት ግን በሳምንቱ መጀመሪያም፣ በወሩ መጀመሪያም፣ ከልደት ቀን በኋላም ይኸው ጉልበት እንደሚመጣ ነው ያገኘው። ሳምንቱ በዓመት 52 ጊዜ ይጀምራል። እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ቀን አለን፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እያልን ወሩን በየቀኑ በስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቀን አጥቶ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ከመካከላችን ሊኖር አይገባም ነበር። ዓመት የሚጠብቅ ሰው መስከረም ሲያልፍበት ደግሞ "እንግዲህ ለከርሞ" ይላል፤ አባቶቻችን ከርሞ ጥጃ ያሉት ይህን ነው።

ዝናቡን አልክድም። ጭቃው እውነት ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጨለም ባለ ሰማይ ብቻዋን ሶምሶማ የምትወጣ ሴት የሚደርስባት ለከፋም እውነት ነው። ስንት ጊዜ ደርሶብኝ ተመልሻለሁ። "ውጪና ሩጪ" ብሎ መፍረድ ለማን ይቀላል? ነገር ግን አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን መልሱን አሳይተውኛል። ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ግፊት አለብዎት ከተባሉ ጀምሮ በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው፣ ኮንጎ ጫማቸውን አድርገው ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሊፍት የሌለው ሕንጻ መሆኑ ለሳቸው በጃቸው። በቀኝ ኪሳቸው የባቄላ ፍሬ ይይዛሉ፤ አንድ ዙር በጨረሱ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንዲት ፍሬ ብቻ ይዘው እንደጀመሩ ነገሩኝ። አሁን አምስት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ከተሠራ ነው ይል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ገደብ አንሥቶ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይቆጠራል ብሏል። እሳቸው መመሪያውን አላነበቡም። ማንም ደግሞ ስፖርት ይሠራሉ አይላቸውም፤ ቱታ አልለበሱማ። ስፖርት የሚለውን ቃል ከልብስና ከክፍያ ጋር አስረን እንዲህ ያለውን ሰው ከውጭ ማስቀረታችን ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበትን ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እያልን እንጠራዋለን። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት የአፒያ ጎዳና አልፎ፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያበቃ፣ እዚህ አገር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ የሚበራበት ሌሊት ነበር። ኦኒ ኒስካነን የሚያሠለጥነው ያ የክቡር ዘበኛ ወታደር ለዚያ ማታ የደረሰው ክረምቱን ተቀምጦ አይደለም። ማንም ሰው እንደሱ ይሩጥ ማለቴ አይደለም። በስሙ የምንኮራበት ሰው ታላቅ ሥራውን የፈጸመው እኛ "አይቆጠርም" በምንለው ቀን መሆኑን እንድናውቅ ነው።

ትናንት ማታ፣ ነሐሴ 14፣ አባርቶ ነበር። ወንድሜ ሶፋ ላይ ዜና ሲያይ አሮጌ ጫማውን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። "በዚህ?" አለኝ። "በዚህ፣ ወንድምዬ" አልኩት። ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሰን፣ በኮብልስቶኑ ዞረን ተመለስን። አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብን፤ ሁለቴ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ብዙ አላወራንም። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ ጓዳ ገብቶ ጣሳዎቹን እየከፈተ ሲያይ አገኘሁት።

"ባቄላ የት ነው የምታስቀምጪው?" አለኝ። ሁለት ፍሬ አነሣ፣ ትንሽ አሰበና አንዷን መልሶ፣ ሌላዋን ኪሱ ከቶ ወጣ።