ድንገተኛ ክፍል ለምን ያቆየናል?

በካኩማ ካምፕ ስለ ሆስፒታል ሲነሳ «ድንገተኛ ክፍል ተቀምጬ ዋልኩ፤ ከእኔ በኋላ የመጣው ቀድሞኝ ገባ» የሚል ምሬት እንሰማለን። ምሬቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ አድልዎ ወይም ቸልተኝነት ነው ማለት አይቻልም።

በድንገተኛ ክፍል ተራ የሚያዘው በሕመሙ ክብደት ነው። ሕሙማን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ተብለው ይለያሉ። የሚያንፈራግጠው ሕፃን ወይም ደም የሚፈስሳት ወላድ ስትመጣ፣ እጁን የተሰበረው ሰው መጠበቁ ግድ ነው።

ሕክምናውም ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ተቅማጥ ክፉኛ ላደረቀው ሕፃን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ከሆነ 6 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ሰዓት ይፈጃል። ከባድ ወባ የያዘው ሰው መርፌውን እንደገባ፣ ከዚያም በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት መወጋት አለበት። የአስተኝቶ ማከሚያው አልጋ ከሞላ እነዚህ ሕሙማን እዚያው ድንገተኛ ክፍል ይቆያሉ። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ሎድዋር ሪፈር የተጻፈለትም አምቡላንስ እስኪገኝ አልጋውን ይዞ ይጠብቃል።

በእኔ አስተያየት ከመቆየቱ ይልቅ የሚጎዳን ለምን እንደቆየን አለማወቃችን ነው። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሳይታከም ይሄዳል፤ ሌሊት ሲብስበት ደግሞ መኪና አያገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ጤና ሠራተኛውም የመዘግየቱን ምክንያት ሊደብቀን አይገባም። «የደም ምርመራህ አልደረሰም፤ ሁለት ከባድ ሕሙማን ይቀድሙሃል» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። በጎ ፈቃደኞችም ቋንቋ ላቸገረው አስተርጉሙለት።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። ለቀላል ሳልና ቁስል ለማሳጠብ በቅርባችን ወዳለው ክሊኒክ በቀን እንሂድ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን አልጋውን ቶሎ እንልቀቅ። እየጠበቃችሁ ልጃችሁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንፈራገጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ተራ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ነርሷን ጥሩ። ከሁሉም በላይ፣ ቢመሽም ቢሰለቻችሁም ሳትታዩ ወደ ቤት አትመለሱ።