ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር

የሰዋስው መምህራን ድርጊት ፈጻሚውን «ባለቤት» ይሉታል፡፡ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝለት አይመስለኝም፤ አድራጊ የድርጊቱ ጌታም ባለዕዳም ነውና፡፡ የመሥሪያ ቤቶቻችን አማርኛ ግን ይህን ባለቤት ከገዛ ቤቱ አስወጥቶታል፡፡ «ጉዳይዎ እየታየ ነው፡፡» ማን ነው የሚያየው? «ከበላይ አካል መመሪያ እየተጠበቀ ነው፡፡» ጠባቂውስ ማን ነው? «ፋይሉ ጠፍቷል፡፡» ፋይል እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ! በግሥ ራስ ላይ የምትቀመጥ አንዲት «ተ» የስንቱን ሹም ፊት ሸፍና ኖረች!

አገራችን የአስተዳደር ማሻሻያ አጥታ አታውቅም፡፡ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በ1988 ዓ.ም. ተጀመረ፡፡ በ1994 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ወረደ ተባለ፡፡ ቀጥሎ ቢፒአር «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የሚል ካባ ደርቦ መጣ፤ እርሱን ሳናላምጥ ቢኤስሲ፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት ተከታተሉ፡፡ ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ቢፒአር መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ በዐይናቸው ፊት የነበረው ገበያ የሚያሳድደው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፡፡ ያ ኩባንያ ደንበኛውን ቢያጉላላ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፡፡ የወረዳ ባለጉዳይ ወዴት ይሂድ? ሌላ ወረዳ መታወቂያ አይሰጠው፡፡

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቢፒአር ያመጣው ሹመት ነው፡፡ ስሙ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ይባላል! በሩ ላይ «ባለቤት» ተለጥፏል፤ በሩ ውስጥ «ይታያል» ይባላል፡፡ በዚያው ዘመን «ባለጉዳይ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ነውር ሆነና «ተገልጋይ» ተተካበት፡፡ ልብ በሉ፤ ባለጉዳይ የጉዳዩ ባለቤት ነበር፡፡ ተገልጋይ ግን ሌላው እስኪያገለግለው ወንበር ላይ የሚጠብቅ ነው፡፡ ባለቤትነትን ከሰውየው ነጥቀን ለሹሙ ሰጠነው፤ ሹሙ ደግሞ ተሸክሞት አልዋለም፡፡

የተገኘ ነገር የለም አልልም፡፡ አምስት ጠረጴዛ ይዞር የነበረ ወረቀት በአንድ መስኮት የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ይህንኑ መንገድ ነው የያዘው፡፡ ይሁን እንጂ መስኮት የሚያፋጥነው አስቀድሞ የተወሰነውን ነው፡፡ «እሺ» ወይም «አይሆንም» የሚል ሰው የሚጠይቅ ጉዳይ ሲመጣ፣ የይዞታ ክርክር ወይም የተወረሰ ቤት ጣጣ ሲሆን፣ ያች አሮጌ «ተ» ከተደበቀችበት ትወጣለች፡፡

ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ ነውን? አይደለም፤ ፈሪ ስላደረግነው ነው፡፡ የወሰነ ሰው ግምገማ ይጠብቀዋል፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስትም ፊርማው ማስረጃ ሆኖ ይቆመዋል፡፡ ያልወሰነው ግን ባለመወሰኑ ማን ከሰሰው? እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ፤ በእጄ ያለፈች ደረሰኝ ሁሉ ፊርማዬን ትሸከማለች፡፡ ማታ ሒሳቡ ቢጎድል «ጎደለ» ተብሎ አይታለፍም፤ ከማን እጅ እንደ ጎደለ ይታወቃል፡፡ አንድ ብር ይህን ያህል ሲከበር የሰው ርስት እንዴት ፊርማ አጣ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል፡፡ ወረዳው ግን ከላይ የሚላክለት ጥቅል በጀት አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ የቀረውም ከላይ በወረደ ዕቅድ ተበልቷል፡፡ ባዶ ኪስ ያለው አስተዳዳሪ «ከበላይ አካል» ቢል አይፈረድበትም፡፡ እንግዲህ ማሻሻያ የምለው ይህን ነው፤ ወረዳው የሚያዝዝበት ገንዘብ ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ፣ እምቢታም ቢሆን፣ ስምና የሕግ ምክንያት ያለበት የጽሑፍ መልስ ይሰጥ፤ መልሱን የተቀበለው ሰውም ይግባኝ የሚልበት ደጅ ይወቅ፡፡ ይህ የውጭ ሥልጠና አይጠይቅም፡፡

ይህን በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ መጻፌ ያስገርማችሁ ይሆናል፡፡ ግን ከመካከላችን ስንቱ ገጣሚ ነው የመንግሥት ደመወዝተኛ! ቀን «ይታያል» ብሎ የመራ እጅ ማታ ስለ ፍትሕ ስንኝ ይቋጥራል፤ እኛም ቤቱ መታ፣ ቤቱ ተሰበረ እያልን እንከራከርለታለን፡፡ ያ ወዳጃችን ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ማመልከቻ አለ፡፡ «አልፈቀድሁም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ይጻፍበትና እስኪ እንየው፡፡